ለአሮጌ ትንሽ ሞተር ሳይክል ዓመታዊ ምርመራ ይታመናል?

የሞተሯ ባለቤት፦ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች ባለ 100 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለችኝ። ባለፈው ምርመራ ምንም ሳይወጣላት አለፈች። በዐሥራ አንደኛው ቀን የኋላው ፍሬን ድንገት ከዳኝ። ታምቡሩ ሲከፈት የፍሬን ሸራው ከብረቱ ተላቆ፣ ለሁለት ተሰብሮ ውስጥ ተጋድሟል። የገረመኝ ሸራው ገና ወፍራም መሆኑ ነው፤ በዕድሜ የለቀቀው ሙጫው ነበር። እንዲህ ያለውን ማየት የማይችል ምርመራ ምን ይጠቅመናል? ቢቀርስ?

መልእክት አድራሹ፦ ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ይዘኸው መጣህ። ይቅር! በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ የመረመረው የሃሪ ኸርት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቷል። በተሽከርካሪ ብልሽት የመጣው አደጋ ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ የዚያም አብዛኛው አየር የጨረሰ ጎማ ነው። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር መጋጨት ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነፈገው ሌላው አሽከርካሪ ነው። እኔን የሚገድለኝ ሳያየኝ የሚታጠፍ መኪና ሆኖ ሳለ፣ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቼ ተሰልፌ የምቆመው ስለ ፍሬቻዬ አምፖል ነው።

መካኒኩ፦ ልጄ፣ ቁጥሩን አልክድም፤ የምጠይቅህ ብልሽት የምትለው ምኑን እንደሆነ ነው። ሰንሰለት ሲበጠስ ሁሉም ያየዋል። ሸራው ቅባት ነክቶት ሦስት ሜትር ዘግይቶ የቆመ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ «መኪና መንገድ ዘጋበት» ተብሎ ይመዘገባል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ትሄዳለህ፤ ሦስት ሜትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ከዚያ አስላት። በዚያ ላይ የማለፊያው መስፈርት ራሱ ዝቅ ያለ ነው። በብሪታኒያ ከሁለቱ ፍሬኖች አንደኛው 30 በመቶ፣ ሌላው 25 በመቶ የመቆም ኃይል (ከክብደቱ አንጻር) ካሳዩ ይበቃል። በ30 በመቶው ፍሬን ብቻ ከ50 ኪሎ ሜትር ለመቆም 33 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ እሱም እጅህ ፍሬኑን ከያዘ በኋላ የሚቆጠር ነው።

የሞተሯ ባለቤት፦ ታዲያ እርስዎም ምርመራው ደካማ ነው እያሉ ነው!

መካኒኩ፦ ደካማ ነው ማለትና ይቅር ማለት ይለያያል። ታምቡሩ ላይ ያለችው ቀስት የሸራውን ውፍረት ታሳያለች፤ ስለ ሙጫው የምታውቀው የለም። መርማሪው በቀስቷ ቢታለል አልፈርድበትም።

የቀድሞው መርማሪ፦ እኔ ግን ስለ ራሴ ሥራ ልፍረድ። በአሮጌ ትንሽ ሞተር ላይ የሚያታልለን ፍሬኑ ብቻ አይደለም። የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳና መሪው በአንድ ጣት ቀስ ተብሎ ይዞራል። ልክ ወደ ፊት ሲቀና፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ያህል ቀጭ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ በልቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ሰልፉ ሲረዝም መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው። መብራትና ጥሩንባ አይዘለሉም፤ ቅጹ ላይ ምልክት ለማድረግ ይመቻሉ። መርማሪው በብሪታኒያ ደንብ አንድም ክፍል እንዲፈታ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ የተሸፈነ ነገር ሁሉ በግምት ያልፋል።

አዲሷ አሽከርካሪ፦ እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ሞተሬን የገዛኋት ቦሎዋ አዲስ ስለሆነ ነበር። በሳምንቷ ከፊት ሾኳ ዘይት ይወርድ ጀመር። ሻጩ ወደ ምርመራ ከመግባቱ በፊት በጨርቅ ጠርጎት እንደነበር ኋላ ገባኝ። መርማሪው ያየው ደረቅ ብረት ነው፤ አልዋሸም። እኔ ግን ያችን ወረቀት የዓመት ዋስትና አድርጌ ቆጠርኳት።

መልእክት አድራሹ፦ አየሽ እህቴ! ወረቀቷ ባትኖር ኖሮ ጎንበስ ብለሽ ታዪ ነበር።

አዲሷ አሽከርካሪ፦ ጎንበስ ብዬ ምኑን ላውቅ? ወረቀቷ ላይ ደንብ አስከባሪው ሳይሆን እኔ የማነብበው ነገር ቢጻፍ ይሻለኝ ነበር፤ ምኑ ታየ፣ ምኑ ሳይታይ ቀረ። «አልፏል» የሚለው ቃል ብቻውን ጎዳኝ።

የቀድሞው መርማሪ፦ በዚህ እስማማለሁ። ትንንሾቹን መተው ግን አልደግፍም። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ምርመራ የጠየቀው ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑት ነው፤ አባል አገሮችም በሌላ የደኅንነት እርምጃ እንዲተኩት በር ከፍቶላቸዋል። ፈረንሳይ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2024 ስትጀምር ባለ 50 ሲሲዎቹንም አካተተች። ትክክል ይመስለኛል፤ ለጥገና ገንዘብ የሚያጥረው አብዛኛውን ጊዜ በትንሿና ባረጀችው ላይ ያለው ሰው ነውና።

መልእክት አድራሹ፦ ገንዘብ የሚያጥረውን ሰው የምርመራ ክፍያ ልትጨምርበት? ይህ ነው ርኅራኄህ?

የቀድሞው መርማሪ፦ ስለ ክፍያው ልክ ነህ፤ መልስ የለኝም። ነገር ግን አሁን ከጥናቱ የጠቀስከው ጎማ ነበርና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጎማችሁ ጎን ላይ በአራት አኃዝ የሚያልቅ ጽሑፍ አለ። 2311 ካለ እ.ኤ.አ. በ2011 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ምርመራው የሚለካው የጥርሱን ጥልቀት ነው፤ በብሪታኒያ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጥቂት የተነዳ አሮጌ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ እንደ ቀንድ ይደርቃል፤ እርጥብ መንገድም አይይዝም። እስኪ አንብቡት።

የሞተሯ ባለቤት፦ ወርጄ አየሁ። የኋላው 1422 ይላል። የፊቱን ጭቃውን ጠርጌ ነው ያገኘሁት፤ 0809። ሁለት ጊዜ በዚሁ ጎማ ምርመራ አልፌያለሁ።

መካኒኩ፦ ቁልፉን አስቀምጥና ነገ በእግርህ ሂድ።