የኩፍኝ ዳሰሳ የጋራ ዕቅድ፦ የዕድሜ ክፍፍሉ ይስተካከል

አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን
ውድ አባላት፣ ረቂቁ «ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት» ብሎ ይጀምራል። በዚህ ከጸደቀ ዋናው ጉዳይ ሳይቆጠር ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብር የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብለው የተወለዱት ዛሬ ተማሪዎች ናቸው፤ ዘመቻ ካልደረሰላቸው በቀር ያገኙት የዘጠኝ ወሩን ብቻ ነው። በዘጠኝ ወራቸው ከሚከተቡ 100 ሕፃናት መካከል ክትባቱ የሚይዝላቸው 85 ያህሉ ናቸው። የቀሩት በየዓመቱ እየተጠራቀሙ ጨርሶ ካልተከተቡት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ቫይረሱ ደግሞ የታመመው ልጅ ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል።

ስለዚህ ክፍፍሉ ከ9 ወር በታች፣ ከ9 እስከ 14 ወር፣ ከ15 ወር እስከ 4 ዓመት፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሁን።

አባል፣ መንዝ
እስማማለሁ። ግን ቁጥሩን ከጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ አንውሰድ። እኛ ዘንድ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ «መርፌ ከነካው ይብስበታል» ተብሎ ጓዳ ይተኛል፤ መስኮቱም በነጠላ ይጋረዳል። ወደ እኛ የሚመጣው ሳሉ ሲበረታ ወይም ዓይኑ ሲጎዳ ነው። ቫይታሚን ኤ በጊዜው ያላገኘ ልጅ ዓይን ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ዝም ሊል አይችልም። ቤት ለቤት እንሂድ፤ የክትባት ካርዱንም በዓይናችን እንይ።

አባል፣ ሸዋ ሮቢት
የመንዝ እህታችን ያነሱት ትክክል ነው። በረቂቁ ያለው የደም ምርመራ ግን ይቅር፤ በደም ውስጥ የሚገኘው መከላከያ ከክትባት ይምጣ ከሕመሙ አይለይም። ገንዘቡ ለቤት ለቤቱ ሥራ ይዋል። ደግሞም የታማሚ ብዛት ብቻውን ያሳስታል። ከ5 ዓመት በታች 40፣ ከ15 ዓመት በላይም 40 ብናገኝ እኩል ተጠቁ ማለት አይደለም፤ በየዕድሜው ላለው ሕዝብ ይካፈል። እዚህ ለቀን ሥራ ከደጋ የሚወርዱ ወጣቶች የነዋሪ መዝገብ ላይ ስለሌሉ ለብቻቸው ይቆጠሩ። ኩፍኝ ከ20 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ በተለይም ለነፍሰ ጡር፣ ይከብዳል።

አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን
የደም ምርመራው ወጥቷል። ርዕሱ «በሰሜን ሸዋ የኩፍኝ ሥርጭት በሁሉም የዕድሜ ክፍሎች» ይሆናል። መጠይቁን የመንዝ አባላት ያርቅቁልን፤ ትምህርት ቤቶቹን እኔ አነጋግራለሁ። የቀን ሠራተኞቹ በየትኛው ወር እንደሚበዙ ከሸዋ ሮቢት ይጻፍልን፤ የዳሰሳው ጊዜ የሚቆረጠው በዚያ ነው።