አስቸኳይ፦ «ዲስፔንስ ዊዝ» ምን ማለት ነው? ኢንተርቪው አለ ወይስ የለም?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሥራ ካመለከትኩበት ቦታ አሁን ኢሜይል ገባልኝ። «ዊ ዊል ዲስፔንስ ዊዝ ዘ ሰከንድ ኢንተርቪው» ይላል። መዝገበ ቃላት ላይ ዲስፔንስ ማለት ማደል ነው። ሊጠይቁኝ ነው ማለት ነው? ነገ ጠዋት ልሂድ?

ፋርማሲስቷ፦ እኛ ጋ ዲስፔንስ ማድረግ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ለታካሚ ማደል ነው። እና ኢንተርቪው ይሰጡሃል። ሂድ።

የፒያሳ ልጅ፦ ውሃ ዲስፔንሰር አስገብተው ይሆናላ 😂 ቢያንስ አይጠማህም።

ጋሽ መምህር፦ እንዳትሄድ ልጄ! ብቻውን ሲቆም ማደል ነው፤ «ዊዝ» ሲከተለው ግን መተው፣ ማስቀረት፣ ያለሱ መቀጠል ይሆናል። መነሻው ላቲን ሲሆን መዝኖ ማከፋፈል ማለት ነበር፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ከአንድ ደንብ ነጻ ስታደርግ ተጠቀመችበትና ይኸኛው ትርጉም ከዚያ መጣ። ስብሰባ ላይ «ሌትስ ዲስፔንስ ዊዝ ዘ ፎርማሊቲስ» ካሉ ወግ ማዕረጉን ትተን ወደ ጉዳዩ እንግባ ማለታቸው ነው።

ጠያቂ፦ ወይኔ፣ ቀረ ማለት ወደቅኩ ማለት ነዋ?

ሰብለ፦ ማን ወደቅክ አለህ? ኢንተርቪው ቀረ እንጂ አንተ ቀረህ አላሉም። ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለጥፈው እስቲ።

ጠያቂ፦ «ኤንድ ሙቭ ስትሬት ቱ ዘ ሪተን ቴስት» ይላል።

ሰብለ፦ በቃ! ኢንተርቪውን ዘለውልህ በቀጥታ ወደ ጽሑፍ ፈተና አሳልፈውሃል። አሁኑኑ አመስግነህ የፈተናውን ቀንና ቦታ ጠይቅ። መልሱ ላይ ይህን ግስ አትጠቀመው፣ ከበድ ያለ የቢሮ ቋንቋ ነው። በተራ ወሬ «ስኪፕ» ይበቃል።

ማስታወቂያ አንባቢ፦ ማደል ነው ወንድሜ፣ ትርጉም አፕ ላይ አየሁት።

ጋሽ መምህር፦ አፑ ላይ ግሱን ለብቻው ከጻፍከው ማደል ይልሃል። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አስገባ። ደግሞ ሁለቱ ቃላት አይነጣጠሉም፤ «ዲስፔንስ ዘ ኢንተርቪው ዊዝ» አይባልም።

ከድር፦ ሥራ ላይ ያላችሁ ግን ልብ በሉ። የቀረው ነገር ምን እንደሆነ እዩ። ደብዳቤው «ዲስፔንስ ዊዝ ዮር ሰርቪስስ» ካለ፣ አገልግሎትህ አያስፈልገንም፣ ተሰናብተሃል ማለት ነው። በጨዋ ቋንቋ ስለተጻፈ ምስጋና እንዳይመስላችሁ።