አስቸኳይ! በፀሐይ ላይ ፍላሽ ስጠቀም የፎቶው ታች ይጨልማል

ጥላና ብርሃን (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ ያያችሁ መልሱልኝ፤ ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁ ነው። ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ናት። ያለ ፍላሽ ሳነሳቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ፍላሹን ስታንድ ላይ ብርሃን ከሚያለሰልሰው ጃንጥላ ጋር ከጎን አቁሜ በ1/640 የሹተር ፍጥነትና በኤፍ/5.6 አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል) ሳነሳ ከደረት በላይ ያምራል፣ ከደረት በታች ጨለማ ነው። ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሹተሩን ወደ 1/200 ሳወርደው ጨለማው ይጠፋል፤ ግን ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ፍላሹ ተበላሽቶ ነው?

አንድ ስቶፕ
ሃይ ስፒድ ሲንክ ክፈት፣ ፍላሽ በፈጣን ሹተር እንዲሠራ የሚያደርገውን።

ባለ ሪፍሌክተሩ
ወንድሜ፣ በቀትር ፀሐይ ከፍላሽ ጋር ምን አታገለህ? መጀመሪያ ሰዎቹን ጥላ ውስጥ አስገባ። የዛፍም የሕንፃም ጥላ ይሆናል፤ ብቻ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሰማይ ይዙር። ጥላ ከሌለ ነጭ ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ) ይበቃሃል። ብርማው ዓይን ያስጨፍናል፣ በተለይ በቀትር። ደግሞ ከእግር ሥር ወደ ላይ አታብራው፤ አገጭና አፍንጫን ከታች የሚያበራ ብርሃን ፊትን ያበላሻል። በደረት ከፍታ ከጎን ይያዝ። ብርሃንን ሳያነቡ መሣሪያ መደርደር ልማድ ሆኗል፣ ይኼ መታረም አለበት።

ጥላና ብርሃን
ቦታ መቀየር አልችልም፣ ከኋላቸው ያለው ነገር የግድ መታየት አለበት። ሪፍሌክተር የሚይዝልኝም የለም።

ነጭ ጃንጥላ
የሌንስ ሁዱ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ከለላ) ጥላ ነው የሚሆነው። ሁዱን አውልቀህ ሞክር።

የቀትር ሰው
ሁድ አይደለም። የሁድ ጥላ የሚመጣው ፍላሹ ካሜራው ላይ ሲሆን ነው፣ በተለይ ከካሜራው ብቅ የሚለው ትንሹ ፍላሽ፤ ጠርዙም ክብ ነው። የእሱ ፍላሽ ስታንድ ላይ ነው፣ ድንበሩም ቀጥ ያለ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ ካሜራውን በቁሙ አዙረህ አንሳ፤ ጨለማው ወደ ጎን ከዞረ ሹተሩ ነው።

ፍላሽህ ደህና ነው። ሹተሩ ሁለት መጋረጃ አለው፣ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። እስከ 1/200 (በአንዳንድ ካሜራ 1/250) ድረስ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ክፍት የሚሆንበት ቅጽበት አለ፤ ፍላሹ የሚበራው ያኔ ነው። ከዚያ ካለፍክ የመጀመሪያው መጋረጃ ከፍቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው መዝጋት ይጀምራል። ሴንሰሩ ላይ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ ከላይ የተሸፈነው ክፍል ፎቶህ ላይ ታች ሆኖ ይወጣል። ቀን ስለሆነ ያ ክፍል ድቅድቅ ጥቁር አይሆንም፤ የፀሐዩ ብርሃን ብቻ የደረሰው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ጥላ የሚመስለው።

አሁን አንድ ጥያቄ፦ ትሪገርህ (ካሜራው ላይ ሆኖ ፍላሹን ከርቀት የሚያበራው) ምን ዓይነት ነው? ከሥሩ ያለው የብረት ነጥብ አንድ ብቻ ነው ወይስ ብዙ?

አንድ ስቶፕ
ሃይ ስፒድ ሲንክ ይክፈት አልኩ እኮ። ሜኑው ውስጥ አለ።

ጥላና ብርሃን
መሐል ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ፍላሹም ማንዋል ብቻ ነው፣ ኃይሉ በእጅ ነው የሚስተካከለው።

የቀትር ሰው
ስለዚህ ሃይ ስፒድ ሲንክን እርሳው። አንድ ነጥብ ያለው ትሪገር «አሁን ብራ» ከማለት ሌላ የሚያስተላልፈው ነገር የለም። ካሜራው ፍላሽ መኖሩን ስለማያውቅም ነው ዝም ብሎ 1/640 የፈቀደልህ፤ የሚግባባው ፍላሽ ቢሆን 1/200 ላይ ያቆምህ ነበር።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ፍላሹን አጥፋ። አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር 1/200 አድርግና እዚያው ተወው። ሰማዩን በአፐርቸር አስተካክል። በጠራ ፀሐይ ኤፍ/11 አካባቢ ላይ ይገጥማል፤ ኤፍ/16 በ1/100 የሚለው የድሮ ሕግ ወደ 1/200 ሲወጣ ኤፍ/11 ይሆናል። አንተ ግን 1/200 ላይ ስትወርድ ኤፍ/5.6 ላይ ቀረህ፣ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ተረፈህ (አንድ ስቶፕ ማለት እጥፍ ብርሃን ነው)፣ ሰማዩ ነጣ። ፊታቸው አሁን ይጠቁራል፣ አትደንግጥ። ከዚያ ፍላሹን አብራ።

ነጭ ጃንጥላ
ፎቶውን ሳስበው በደረታቸው ላይ ጥቁር መቀነት ያሰርክላቸው ነው የሚመስለው 😄 ለማንኛውም ኤፍ/11 ላይ ጃንጥላው አያዋጣም። ሁለት ስቶፕ ገደማ ይበላል። ነፋስ ካለ ደግሞ ስታንዱን ይዞት ይሄዳል፣ እግሩ ላይ ክብደት አንጠልጥል።

የቀትር ሰው
ትክክል፤ ጃንጥላውን አውልቅ። ፊትን የሚሞላ ብርሃን እንደ ዋና ብርሃን መለስለስ የለበትም፣ ጥላውን ማቅለል ነው ሥራው። ፍላሹን ሁለት ሜትር አካባቢ አምጣና በ1/4 ኃይል ጀምር። ፊት ከበዛበት 1/8፣ ካነሰው 1/2። ከጀርባው ብርሃን አንድ ስቶፕ ያህል ዝቅ ያለ ፊት ነው ተፈጥሯዊ የሚመስለው። እኩል ካደረግከው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ነጭ ልብስ ካለ ከፊት ቀድሞ ከልክ በላይ የሚነጣው እሱ ነው፤ የፍላሹን ራስ ትንሽ ወደ ላይ አንሳ።

ስንት ሰው ነው? ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ፍላሹን በጣም አታስጠጋ። 1 ሜትር ላይ ያለው ሰው 2 ሜትር ላይ ካለው አራት እጥፍ ብርሃን ያገኛል። 3 እና 4 ሜትር ላይ ሲሆኑ ልዩነቱ ከአንድ ስቶፕ ያንሳል።

ባለ ሪፍሌክተሩ
ኤፍ/11 ላይ ጀርባው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፖርትሬት ማለት ጀርባው የደበዘዘ ነው፣ ይኼን ለምን አትነግሩትም?

የቀትር ሰው
ከኋላ ያለው መታየት አለበት ብሏል፤ ስለዚህ ኤፍ/11 ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም። ማደብዘዝ ለሚፈልግ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) አለ። የ4 ስቶፑ ከኤፍ/11 ወደ ኤፍ/2.8 ያወርዳል፣ ሹተሩም 1/200 ላይ ይቆያል። ፎከስ ካስቸገረ ፊልተሩ ከመግባቱ በፊት ያዙና ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሩ። ፊልተሩ የፍላሹንም ብርሃን እንደሚቀንስ አትርሱ፤ ኃይል አይቆጥብም።

ሃይ ስፒድ ሲንክ ያላችሁም ስሙ፦ ፍላሹ አንዴ ቦግ በማለት ፈንታ እየተርገበገበ ስለሚበራ ከ1/200 አለፍ እንዳላችሁ ኃይሉ በሁለት ስቶፕ ገደማ ይወርዳል፣ ሹተሩ በእጥፍ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ አንድ ስቶፕ ይጨመርበታል። በቀትር ፀሐይ አንድ ትንሽ ፍላሽ ከሩቅ አይችለውም።

ጥላና ብርሃን
መስመሩ ጠፋ!! ኤፍ/11፣ 1/200፣ 1/4፣ ሰማዩም ተመለሰ። እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አሁን ግን ሌላ ችግር፤ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ አይበራም።

አንድ ስቶፕ
ባትሪ።

ነጭ ጃንጥላ
ፍላሹ የሌላ ፍላሽ ብርሃን አይቶ የሚበራበት ሞድ ላይ (ኤስ1 ወይም ኤስ2) ከሆነ ፀሐይ ላይ አይሰማም። የትሪገሩ ተቀባይ ላይ ሰክተህ ማንዋል ላይ መሆኑን እይ።

የቀትር ሰው
ፍላሹ ጠፍቶ ከሆነ ያገኘኸው ራሱን የሚያስተኛው ቅንብር ነው፤ ዝጋው። በርቶ ግን ዝግጁ ነኝ የሚለው መብራት ከዘገየ ባትሪው ነው። አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር፣ የደከመና ሙሉ አትቀላቅል። መብራቱ በርቶም እየዘለለ ከሆነ ችግሩ ትሪገሩ ጋ ነው፦ ከካሜራው ጫማ (አናቱ ላይ ካለው መሰኪያ) ላይ አውጥተህ እንደገና እስኪጠብቅ ግፋው፣ ቻናሉንም ቀይር። ካሜራህ ድምፅ አልባ ሹተር ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ካሜራ ላይ ፍላሽ ጨርሶ አይበራም፣ እሱንም እይ። ፍላሹን በየመሐሉ ከፀሐይ ከልለው፣ ሲግል ራሱ ያቆማል።

የትኛው ነው? መብራቱ ይበራል ወይስ አይበራም?