የዕቅድ ውይይት፦ ሰው ቁጭ የሚልበት ኤግዚቢሽን በጅማ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቤት ዕቃ ዲዛይን ስቱዲዮው ልጆች ጋር ልናዘጋጅ ያሰብነው ኤግዚቢሽን ረቂቅ ይኸውላችሁ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ መነሻ አድርገን፣ ስቱዲዮውና ጠራቢዎቻችን አብረው 12 መቀመጫ ይሠራሉ። ቦታው ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ቢሆን ብለናል። ጊዜው ኅዳር። ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ያልተስማማችሁበትን በግልጽ ጻፉ።

አንድ ጠራቢ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። የምለው ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በርጩማ ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ዋንዛው እርጥብ እያለ በመጥረቢያ ቅርጹን ታወጣለህ፤ ከዚያ በመሮ ትፈለፍላለህ። ሲያልቅ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል፤ የስንት ቀን ልፋት በአንድ ከሰዓት ገደል ገባ ማለት ነው። እግሩ ሦስት የሆነውም ለጌጥ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር የአፈር ወለል ላይ ይንገዳገዳል። ባለ ሦስቱን የትም አስቀምጠው፣ ይቆማል። ኤግዚቢሽኑ ይህን ካላሳየ ምኑን አሳየ? ስለዚህ ያለቀው ብቻ አይቅረብ። ግንዱም፣ ግማሽ የተጠረበውም፣ የተሰነጠቀውም ይታይ። እኛም እዚያው ሰው ፊት እንጥረብ።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት ሁለት በርጩማዎቼ ለአንድ ኤግዚቢሽን ተወስደው ነበር። ልይ ብዬ ሄድኩ። ወረቀቱ «የባህል መቀመጫ» ይላል። ከሥሩ የአዘጋጁ ስም አለ፤ የኔ የለም። እጄን ዘርግቼ ልነካው ስል ጥበቃው «አይነካም» አለኝ። ማታ ልጆቼ እንዴት ነበር ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ይህ እንዳይደገም ዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ይግባ።

ከስቱዲዮው፦
ጋሼ፣ ስለነገሩን እናመሰግናለን። በጣም ነው የተሰማን። «አትንኩ» የሚል ወረቀት አንለጥፍም። የጠራቢው ስም ከኛ ስም እኩል፣ በዚያው የፊደል መጠን ይጻፋል።

እኛን ያሳሰበን እንጨቱ ነው። ለዚህ ብለን ዋንዛ ማስቆረጥ አንፈልግም። ዋንዛ እዚህ የቡና ጥላ ነው። ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፤ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል። ከየአናጺ ቤቱ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ብንሰበስብስ?

ያው ጠራቢ፦
ከቁርጥራጭ የጅማ በርጩማ አይወጣም። ግንድ ይፈልጋል። ነፋስ የጣለው ዛፍ ሲገኝ ለባለቤቱ በደንብ ከፍለን እንውሰድ። ከ12ቱ 4ቱ ከግንድ ይውጡ፤ 8ቱን እናንተ ከቁርጥራጩ ገጣጥማችሁ ሞክሩ። ገጥሞ መሥራት የናንተ ሙያ ነው፤ እኔም ባየው ደስ ይለኛል።

መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ አባል፦
ስለ ከፍታው ልናገር። ልጆቹ ባለፈው ናሙና ይዘውልኝ መጡ። ያምራል፣ አይካድም። ግን ቁጭ ብዬ ጀበናውን ሳነሳ ወገቤ እጥፍ አለ። ምድጃዬ መሬት ላይ ነው፤ መቀመጫው ከፍ ባለ ቁጥር እኔ እጎነበሳለሁ። በስንዝሬ ለካሁላቸው፦ አንድ ተኩል ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ዝቅ አድርገው አመጡት። ስኒ ስቀዳ፣ ፍም ስቆሰቁስ ዋልኩበት፤ ማታ ወገቤን አላመመኝም። ሌላውም ዕቃ እንዲህ ይሠራ። ጫማ የሚጠርጉት ልጆች፣ ገበያ እህል የሚሸጡት እናቶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ከመሠራቱ በፊት እነሱ ይጠየቁ። ኤግዚቢሽኑ ላይም የመጣው ሰው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ሌላ አባል፦
እትዬ ያሉት እኔን አሳምኖኛል። እንዲያ ከሆነ ግን ጅሬን ይርቃል። እህል የምትሸጥ ሴት ሥራዋን ትታ ኮረብታ አትወጣም። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሰው ጢም ይላል፤ እዚያ ይሁን። ኅዳርም አይሆንም። ቡና ለቀማ ነው፤ ሰው ሁሉ ማሳ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ልክ ናችሁ፣ ኅዳር ቀርቷል፤ ከጥምቀት በኋላ እናድርገው። ጅሬንን ግን ጨርሰን ባንተወው እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው። እንጨት በእንጨት የሆነውን ሰገነት አይቶ የሚያልፍ አናጺ የለም። መክፈቻው አንድ ቀን እዚያ ይሁን፤ የቀረው ሁለት ሐሙስ ገበያው ዳር፣ በድንኳን።

ረቂቁ ላይ የጨመርኩት፦ መጥረብ በሕዝብ ፊት፤ ከ12ቱ 4ቱ ከግንድ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከፍታውን የሚለካ አንድ ተጠቃሚ፤ በነፃ መቀመጥ። ሽያጩ ላይ ገና አልተስማማንም። የኔ አቋም ዋጋውን ጠራቢው ይቁረጥ ነው። ስቱዲዮው ሐሳቡን እስከ ማክሰኞ ይላክልን።

ጠራቢዎች በሙሉ፣ ስማችሁ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እንዴት እንዲጻፍ እንደምትፈልጉ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። መጻፍ የሚያስቸግረው ካለ ይደውልልኝ፤ እየጠየቅኩት እጽፋለሁ፣ መልሼም አነብለታለሁ።