የአዲስ ስፖርት መኪና ዋጋ፦ ጀርመንና አሜሪካ እንዴት ይነጻጸራሉ?

ጠያቂ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ሰላም ጀመዓ! የ2025 ፖርሽ 911 ካሬራ መነሻ ዋጋው ጀርመን 128,700 ዩሮ፣ አሜሪካ 120,100 ዶላር ነበር። በምንዛሬ ብቻ መትቼ ላወዳድር?

መልስ 1፦ አይሆንም ወንድሜ። የጀርመኑ 19 በመቶ ቫት በውስጡ አለ፤ ለ1.19 ስታካፍለው 108,151 ዩሮ ግድም ይመጣል። የአሜሪካው ግን የሽያጭ ታክስም፣ 1,995 ዶላር ማድረሻም አልተጨመረበትም። ሁለቱንም ያለ ታክስ ያዝና ከዚያ መንዝር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

መልስ 2፦ ዱባይ ቫቱ 5 በመቶ ነው። የእንግሊዝና የጃፓን ዋጋ ግን አያጓጓህ፣ እዚያ መሪው በአብዛኛው በቀኝ ነው።

መልስ 3፦ በጅቡቲ አድርጌ ድሬ አስገባለሁ ካልክ ደግሞ፣ መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከልክሏል። ሂሳቡን በኤሌክትሪኩ ፖርሽ ታይካን ሥራው።