የጉድጓድ ውሃ ኩላሊት ይጎዳል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ክሬቲኒንሽ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከፍ ብሏል ተባለች። ስኳርም ደም ግፊትም የለባትም። 20 ዓመት የጠጣችው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። ውሃው ይሆን? ግን እኮ ሁሌም አፍልተን ነው የምንጠጣው።

መልስ 1፦ እግዜር ይማራት። ነጩ ነገር በአብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፣ እሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው የማይታየው ነው፤ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ዩራኒየም የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች። በተለይ ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ ከ10 ዓመት በላይ ይቀመጣል፤ ከተጣራው ፈሳሽ ፕሮቲን መልሰው የሚመጥጡትን ቀጫጭን ቱቦዎች ቀስ በቀስ ያበላሻል፣ ሰውየው ግን ለረጅም ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እነዚህን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እነሱ ይቀራሉ።

መልስ 2፦ ከመደምደምሽ በፊት ውሃውን ላብራቶሪ አስመርምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአርሴኒክ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ለካድሚየም 3 ነው። እሷም የሽንት አልቡሚን (ፕሮቲን) ትመርመር። ደግሞ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ትወስዳለች? ለዓመታት ሲወሰድ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ለሐኪሟ ንገሪ።

ጠያቂ፦ ለጉልበቷ ስትወስድ ነው የኖረችው! ማንም ጠይቋት አያውቅም። ነገ ይዣት እሄዳለሁ፣ የውሃውንም ናሙና እሰጣለሁ።