ብቻዬን በሚኒባስ ልዞር ነው፤ ሌሊቱን የት ልደር?

ጥያቄ፦ ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። 64 ዓመቴ ነው። ሐዋሳ ላይ 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዓባያንና ጫሞን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሄጄ አላየኋቸውም።

ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ይሠራበት የነበረው ቶዮታ ሚኒባስ ግቢ ውስጥ ቆሟል። የኋላ ወንበሮቹን አስነስቼ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ላስገባበት አሰብኩ። ውጭ አገር ያሉ ጡረተኞች በቤት መኪና እንደሚዞሩት ማለት ነው። መጀመሪያ ላንጋኖ፣ ቀጥሎ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ።

መንዳቱ አይቸግረኝም። ግን ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ቀኝ ጉልበቴ ያመኛል። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ልጆቼ «በፍጹም!» ብለዋል። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ብፈልግም ጓደኞቼ ሁሉ የልጅ ልጅ ይዘው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ብቻዬን ነኝ። የት ልደር? መድኃኒቴስ በሙቀት እንዳይበላሽ ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስስ?

መልስ፦ የድሮ ሹፌር፣ አዳማ

እህቴ፣ 27 ዓመት በዚያ መስመር ነድቻለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማደሪያዎ ገብተው መኪናውን ያቁሙ። 12 ሰዓት አይደለም፣ 10 ሰዓት። ሲመሽ ከብቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ጋሪው መብራት የለውም፣ የተበላሸ ሲኖትራክ መንገድ ላይ ቆሞ ምልክቱ ድንጋይና ቅጠል ብቻ ነው። ዕድሜያችን ሲገፋ ደግሞ የፊት ለፊት መብራት ዓይን ላይ ይበተናል። እኔ ራሴ የሞራ ግርዶሽ እንዳለብኝ ያወቅሁት በዚህ ነው። ሳይነሱ ዓይንዎን ይታዩ።

ማደሪያው የሆቴል ግቢ ይሁን። ዘበኛ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ። «መኪናዬ ውስጥ ነው የማድረው፣ ለማቆሚያና ለሽንት ቤት እከፍላለሁ» ብለው በግልጽ ይነጋገሩ። እራት እዚያው ከበሉ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ዘበኛውን ሲገቡ ሰላም ይበሉት፣ ስሙን ይጠይቁት፣ ሻይ ይጋብዙት። ሌሊት የሚያይዎት እሱ ነው።

የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከአንድ ሳምንት ወሬ አይውሰዱ። በተነሱበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ጎራ ብለው ትናንት ከዚያ የገቡትን ሹፌሮች ይጠይቁ። «ዛሬ ባይኬድ ይሻላል» ካሉ አይሂዱ። አርባ ምንጭ የትም አይሄድም።

ስለ ጎማው። የቆመ መኪና ጎማው ያልተበላ ይመስላል፣ ግን ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአሥር ዓመት ካለፈው አይጠቀሙበት፣ ስኮርታውንም ጨምሮ። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። ብሎኑን ደግሞ በክሪክ ከማንሳትዎ በፊት ነው የሚያላሉት። መፍቻው ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ቱቦ ይሰኩበት። ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ቱቦው ይሠራዋል። ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት።

መልስ፦ ነርሷ፣ ሐዋሳ

እትዬ፣ የኢንሱሊኑን ነገር ልመልስ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ግን ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አራት ሳምንት ያህል ፍሪጅ ሳይገባ ይቆያል። ችግሩ መኪናው ነው። ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ ከሐዋሳ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ይህን እርስዎ ያስተማሩን ነው። ስለዚህ ከመኪና ሲወርዱ ኢንሱሊኑ አብሮዎት ይውረድ።

ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡ። መሐሉን አሸዋ ሞልተው ያርጥቡት፣ እርጥብ ጨርቅም ይልበስ። ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር በደንብ ያቀዘቅዛል። በረዶ ካገኙ ጠርሙሱን በቀጥታ በረዶው ላይ አያስቀምጡት። አንዴ ከበረደ፣ ማለቴ በረዶ ከሆነ፣ አይሠራም፤ ይጣላል።

መሪ ከመያዝዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ። ከ90 በታች ከሆነ ሳይበሉ አይነዱ። ከ70 ከወረደ ከረሜላ ወይም ጭማቂ ወስደው፣ ከተስተካከለም በኋላ ሌላ 45 ደቂቃ ይቁሙ። ደኅና ነኝ ብለው ሲያስቡ አእምሮ ገና አልተመለሰም። ከረሜላው በእጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ኋላ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። አጎበርም አይርሱ፣ ሐይቆቹ ዳር ወባ አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መልስ፦ የአሞራ ገደል ልጅ፣ ሐዋሳ

እማዬ፣ እባክዎ ሐይቅ ዳር ገላጣ ላይ አይደሩ። ቦታው ያማረ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ከውኃ ይወጣል። የሚመለስበትን መንገድ ከዘጉበት አደገኛ ነው። ጫሞ ላይ ደግሞ አዞም አለ። ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ ስላሉ ነው የጨነቀኝ።

መልስ፦ ከዴንቨር፣ የአዳማ ልጅ

እህቴ፣ እኔ 70 ሞልቻለሁ። እዚህ በቤት መኪና ብቻዬን ስዞር አራት ዓመቴ ነው። የእኛ መኪኖች ለንጹሕ ውኃ፣ ለእጣቢና ለሽንት ቤት የየራሳቸው ጋን አላቸው፤ ቆሻሻው የሚደፋበትም ጣቢያ አለ። አንቺ ይህን ለመኮረጅ አትድከሚ። ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ፣ ውስጡ ሰጋቱራ፣ ከላዩ መቀመጫ። ሌሊት ከመኪና መውረድ ቀረ ማለት ነው። እኔ የወደቅሁት መውረጃው ላይ ነበር፣ ሌሊት 9 ሰዓት። በሩ ሥር የማይነቃነቅ ሰፊ በርጩማ አስቀምጪ፣ መያዣም አስገጥሚ።

ማብሰያሽ ከመኪናው ውጭ ይሁን። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፣ አንቺም እዚያው ነሽ። ከሰልማ ጨርሶ! ቡናሽን ውጭ አፍዪ። የከሰሉ ፍም ደብዝዟል ብለሽ ምድጃውን ለሙቀት እንዳታስገቢው። የሚገድለው ጭስ ሽታ የለውም።

መልስ፦ ጋራዥ ያለኝ፣ ሐዋሳ

እትዬ፣ አልጋውን አያስበይዱት። በሊብሬው ላይ ሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተመዘገበ መኪና ወንበሩ ሲነሳና ቅርጹ ሲቀየር በቦሎ ጊዜ ጥያቄ ያስነሳል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ሊያስቸግር ይችላል። መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርትንና ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ። አልጋው በብሎን የሚታሰር፣ ሲፈለግ የሚወጣ የእንጨት ይሁን። ሦስት ዓመት የቆመ መኪና የፍሬን ዘይቱ፣ ባትሪውና የራዲያተር ጎማዎቹ ሳይታዩ ከከተማ አይወጣም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ገና ከግቢዬ ሳልወጣ መኪናው ውስጥ አደርኩ። ብዙ ነገር ገባኝ። አልጋው ለጉልበቴ ከፍ ብሏል፣ አናጢው ዛሬ አንድ ስንዝር ቀንሶልኛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት አልቻልኩም፤ በአራት ባለ 5 ሊትር ቀየርኩት። በሩ ከውስጥ በጨለማ አልከፈት ብሎኝ ደነገጥኩ። አሁን ባትሪዬ አንገቴ ላይ ነው የሚታሰረው። ቱቦው ግን ጉድ ነው! ከሁለቱ በቀር ብሎኖቹን ሁሉ ራሴ አላላሁ። ሁለቱን ጎሚስታው ፈትቶ ዝገቱን አጽድቶልኛል።

ልጄ አሁንም አልወደደችውም። ግን ማታ መጥታ ማሰሮዎቹን በአሸዋ የሞላችልኝ እሷ ናት። የማድርበትን ቦታ አስቀድሜ ልነግራት፣ ልክ 10 ሰዓት ላይ ልደውልላት ተስማምተናል። ካልደወልኩ እስከ 11 ትጠብቅና ወደ ሆቴሉ ትደውላለች።

ጋራዥ ፍሬኑን ከጨረሰልኝ ሐሙስ ጠዋት ወደ ላንጋኖ እነሳለሁ፤ ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ። አርባ ምንጭ ላይ ግቢው ሰፊ፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ ሆቴል የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።